ጦርነት ምስክርን ሲያጠፋ፦ ከባግዳድ እስከ ቦንጋ

(በሬዲዮ ዝግጅት የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና እስከ ዕለተ ቂያማ ድረስ ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



ለዛሬው ዝግጅታችን የመረጥነው ርእስ ስለ ጦርነትና ስለ ታሪክ ነው። ጦርነት ሰው ይገድላል፤ ቤት ያፈርሳል። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ግን ጦርነት ምስክርንም የሚያጠፋ መሆኑን ነው። የሆነውን በዓይኑ ያየ ሰው ይሞታል፤ የተረፈውም ይሰደዳል። ከሃምሳና ከመቶ ዓመት በኋላ ልጆች ተነሥተው «ምን ነበር የሆነው?» ብለው ሲጠይቁ የሚመልስላቸው ዘመድ ያጣሉ። ያን ጊዜ መልስ የሚሰጣቸው ወይ ያሸነፈው ወገን ነው፤ ወይም ደግሞ በአገሩ ያለፈ የውጭ መንገደኛ ነው።

ይህንን ጉዳይ በሁለት ከተሞች አስታከን እናየዋለን። አንደኛዋ ስሟን በዜና ስንሰማ የኖርናት ባግዳድ ናት። ሁለተኛዋ የእኛው ቦንጋ ናት። ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት። ሁለቱ ከተሞች በቦታም በታሪክም እጅግ ይራራቃሉ። ጦርነት በሁለቱም ላይ ደርሷል። በአንደኛዋ ብዕር ነበረ፤ በሌላይቱ ግን አልነበረም። ልዩነቱ ያመጣውን ውጤት እናያለን፣ ኢንሻአላህ።

የየማማ ትምህርት

ከሁሉ በፊት ወደ ሰሓቦች ዘመን እንመለስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካለፉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሐሰተኛው ነቢይ ሙሰይሊማ የተሸነፈበት የየማማ ጦርነት ተካሄደ። በዚያ ጦርነት ቁርአንን በልባቸው ከያዙት ሰሓቦች ብዙዎቹ ሸሂድ ሆኑ። ዑመር (ረ.ዐ) ይህን ባዩ ጊዜ ሠጉ። ጦርነቱ በዚሁ ከቀጠለ የቁርአን ሐፊዞች እያለቁ ይሄዳሉና ቁርአኑ በአንድ ላይ ተጽፎ ይሰብሰብ ሲሉ ኸሊፋውን አቡበክርን (ረ.ዐ) መከሩ። አቡበክር መጀመሪያ አመነቱ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያልሠሩትን ሥራ መሥራት ከብዷቸው ነበር። በኋላ ግን አላህ ልባቸውን ከፈተላቸውና ሥራውን ለዘይድ ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ) ሰጡ። ዘይድም ከሰዎች ልብ ብቻ ሳይሆን በቆዳ፣ በዘንባባ ዝንጣፊና በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የተጻፈውን እየፈለጉ አሰባሰቡ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። የቁርአን ጠባቂው አላህ ነው። ሰበቡ ግን የሰው እጅና ብዕር ሆነ። ያንን ሰበብ ያስነሣውም ጦርነት ነው። ሰሓቦች በቃል መያዝን የሚንቁ ሰዎች አልነበሩም። ነገር ግን ሰይፍ ልብን ከነያዘው ነገር እንደሚወስድ በየማማ አዩ።

ሃይማኖታችን ለጽሑፍ የሰጠው ቦታ ከዚህም ይሰፋል። መጀመሪያ የወረደው ወሕይ ስለ ማንበብና ስለ ብዕር የሚያወሳ ነበር። በቁርአን ውስጥ ረጅሙ አያ የሚገኘው በሱረቱል በቀራ ሲሆን የሚናገረውም ስለ ዕዳ ነው፤ ዕዳ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክሮችም እንዲቆሙ ያዝዛል። ለገንዘብ ዕዳ ይህን ያህል ከታዘዝን ለፈሰሰ ደም፣ ለተፈናቀለ ሕዝብ፣ ለፈረሰ አገርማ ምንኛ መጻፍ በተገባን!

ባግዳድ፦ እየተቃጠለችም የጻፈች

ባግዳድን የዐባሲያው ኸሊፋ አል-መንሱር በ762 እ.ኤ.አ. ቆረቆሯት። ለአምስት መቶ ዓመታት ያህል የዕውቀት ከተማ ሆና ቆየች። በ1258 እ.ኤ.አ. (656 ሂጅራ) የሞንጎሉ ሁላጉ ገብቶ አወደማት፤ ኸሊፋውንም ገደለ፤ የኪታብ ቤቶቿም ጠፉ። በሩቅ በሺራዝ የነበረው ባለቅኔ ሰዕዲ የባግዳድን ሞት ሰምቶ በዐረብኛ የለቅሶ ግጥም ገጠመላት። ከተማይቱ ብትወድቅም የወደቀችበት ሐዘን ተጽፎ ቀረ።

በእኛ ዘመን የሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1948 እ.ኤ.አ. የባግዳድ ሕዝብ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገውን ውል ተቃውሞ አደባባይ ሲወጣ ተኩስ ተከፈተበት። ከሞቱት መካከል ጃዕፈር የተባለ ወጣት ነበር። ወንድሙ ታላቁ ባለቅኔ ሙሐመድ መህዲ አል-ጀዋሂሪ ስለ እርሱ የገጠመው የሐዘን ግጥም የሕዝብ ሁሉ ሐዘን ሆነ። አል-ጀዋሂሪ ራሱ ከገዢዎች ጋር እየተጣላ ብዙ ዘመኑን በስደት አሳለፈ። በ1997 እ.ኤ.አ. ያረፈውም በደማስቆ ነው።

ከዚያም የኢራንና የኢራቅ ጦርነት ከ1980 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ተካሄደ። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት መጣ። ከ1990 ጀምሮ ለአሥራ ሦስት ዓመታት የቆየው ማዕቀብ ደግሞ ሕዝቡን አስራበ። መምህራንና ሐኪሞች የቤታቸውን ኪታብ በባግዳዱ የሙተነቢ ጎዳና ላይ እያነጠፉ ለዳቦ መግዣ ሸጡ። በሚያዝያ 2003 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር ባግዳድ ሲገባ የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ተዘረፈ፤ ተቃጠለም። መጋቢት 5 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. በዚያው በሙተነቢ የመጻሕፍት ጎዳና ላይ በመኪና የተጠመደ ቦምብ ፈንድቶ በርካታ ሰዎች ሞቱ። በጎዳናው ላይ ያለው የሻህባንደር ቡና ቤት ባለቤት አራት ልጆቹንና አንድ የልጅ ልጁን በአንድ ቀን አጣ። ሰውየው ቡና ቤቱን መልሶ ከፈተው፤ የልጆቹንም ሥዕል በግድግዳው ላይ ሰቀለ። የመጻሕፍት ሻጮቹም ወደ ጎዳናው ተመለሱ።

ኢራቃውያን መከራቸው ከሌላው አልቀለለም። በመሐላቸው በመዝሀብና በጎሣ ተከፋፍለው እርስ በርስ ተላልቀዋል። ነገር ግን የሆነባቸውን በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሳቸው ስም ጽፈዋል። ነገ አንድ የኢራቅ ልጅ አያቱ ምን እንዳየ ማወቅ ቢፈልግ የሌላ አገር ሰው ደጅ አይጠናም።

ቦንጋ፣ የነጋዴዎች ከተማ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የካፋ መንግሥት በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ከ14ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ የቆየ ነው። ንጉሡ «ታቶ» ይባላል። ብቻውን የሚገዛ አልነበረም፤ ሰባት አባላት ያሉት «ሚክሬቾ» የተባለ የመማክርት ጉባኤ ነበረው። አገሩ በጥልቅ ቦይና በእንጨት አጥር የታጠረ ሲሆን የሚገባና የሚወጣው ሰው በሮቹ ላይ ይጠየቅ ነበር።

የነገሥታቱ ከተሞች ቦንጋና አንድራቻ ነበሩ። ቦንጋ ግን የገበያም ከተማ ነበረች። ቡናው፣ ማሩ፣ ኮረሪማው፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ ከዚያ ይወጣል። ክፍያውም በአሞሌ ጨውና በማርያ ትሬዛ ብር ነበር። ይህንን ንግድ ያንቀሳቅሱ ከነበሩት አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ከሰሜን የመጡ ጀበርቲዎች ነበሩ፤ ከጊቤ አገሮች፣ ከጅማና ከሊሙ የመጡም ነበሩ። በካፋ «ነጋዶ» የሚል መጠሪያ የተሰጣቸው ሙስሊሞች የእነዚህ ነጋዴዎች ዘር ናቸው። የቤተ መንግሥቱ እምነት ሌላ ቢሆንም እነርሱ ግን በሃይማኖታቸው ጸንተው በካፋ ምድር ኖሩ፤ ወለዱ፤ ተቀበሩ።

ጉርብትናው በገበያ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በ1843 እ.ኤ.አ. የሊሙ እናርያው ሙስሊም ንጉሥ አባ ባግቦ ከካፋ ንጉሣዊ ቤት ሙሽራ ለማምጣት ሰዎች ልኮ ነበር። አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪ ካፋን ለማየት የበቃው እነዚያን መልእክተኞች አጅቦ ነው። እንግዲህ በሠርግ የሚገናኙ፣ በገበያ የሚተማመኑ፣ አንዳንዴም የሚዋጉ ጎረቤቶች ነበሩ።

1890 ዓ.ም.

ከዚያ ታላቁ ጦርነት መጣ። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 እ.ኤ.አ. ነገሡ። ከሰባት ዓመት በኋላ በ1897 እ.ኤ.አ. የአጼ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዝማችነት ወደ ካፋ ዘመተ። ዘማቹ ጠመንጃ በብዛት የታጠቀ ነበር፤ የካፋው ሰው መሣሪያ ግን በአብዛኛው ጦርና ጋሻ ነበር። ቦዩና አጥሩ ለዘመናት ጠላትን መልሶ ነበር። ጥይትን ግን አልመለሰም። ንጉሡ በጫካ እየተሸሸጉ ወራት ቆዩ። በመጨረሻ በመስከረም 1897 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር በ1890 ዓ.ም. መባቻ፣ ተያዙ። ወደ መሐል አገር ተወስደው በግዞት ኖሩ። አገራቸውንም ዳግመኛ ሳያዩ በ1919 እ.ኤ.አ. አረፉ።

በሕዝቡ ላይ የደረሰው ከንጉሡ ዕጣ የከፋ ነበር። መንደሮች ተቃጠሉ። ሰው በጦር፣ በረሃብና በበሽታ አለቀ። ከተረፈው እጅግ ብዙው እየታሰረ ለባርነት ተነዳ። መሬቱ ለዘማቹ ተከፋፈለ፤ ባለ መሬቱም ገባር ሆነ። የካፋ ዘውድ እንኳ ከአገሩ ወጣ። ለአጼ ምኒልክ ይሠራ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ወደ አገሩ ወሰደው። ዘውዱ ለኢትዮጵያ የተመለሰው በ1954 እ.ኤ.አ. አጼ ኃይለ ሥላሴ ስዊዘርላንድን በጎበኙ ጊዜ ነው።

ማን ጻፈው?

አሁን ዋናውን ጥያቄ እንጠይቅ። ይህንን ሁሉ ማን ጻፈው? የካፋ መንግሥት በራሱ ቋንቋ የተጻፈ ዜና መዋዕል አልነበረውም። ታሪኩ የሚኖረው በሽማግሌዎች አፍ፣ በዘፈንና በለቅሶ ውስጥ ነበር። ጦርነቱ ደግሞ አስቀድሞ የነካው እነዚያን አፎች ነው። እንደ የማማ ሐፊዞች ታሪኩን በልባቸው የያዙት ሰዎች ሞቱ፤ ተሸጡ፤ ተበተኑ። ዘይድን የመሰለ ሰብሳቢ ግን ከመሐላቸው አልተነሣም።

ስለዚህ መጻፉን የያዙት የሩቅ ሰዎች ሆኑ። ከ1859 እስከ 1861 እ.ኤ.አ. በካፋ የቆየው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ማሳያ ያየውን በትዝታ መጻሕፍቱ አኖረ። የቪየናው ሊቅ ሊዮ ራይኒሽ በ1888 እ.ኤ.አ. ስለ ካፋ ቋንቋ መጽሐፍ አሳተመ። በ1905 እና በ1909 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፍሪድሪሽ ቢበር የተባለ ኦስትሪያዊ ካፋ ገብቶ ከጥፋቱ የተረፉትን እያነጋገረ መዘገበ። ሁለት ቅጽ ያለው ሥራው በ1920 እና በ1923 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ ታተመ። ጣሊያናዊው ቸሩሊም በ1951 እ.ኤ.አ. ስለ ቋንቋው ጻፈ። ለእነዚህ ሰዎች ድካም ምስጋና ይገባል፤ እነርሱ ባይጽፉ ኖሮ ብዙው ነገር በጠፋ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ የጻፈው የራሱን ዓላማ ይዞ፣ ለራሱ አገር አንባቢ ነው። የቦንጋ ልጅ የአያቱን ታሪክ ለማወቅ ጀርመንኛና ጣሊያንኛ እንዲማር የተገደደው በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬ ነገሩ መሻሻል ጀምሯል፣ አልሐምዱሊላህ። የካፋ ቋንቋ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ፊደል ይዞ በትምህርት ቤት ይሰጣል። እንደ አቶ በቀለ ወልደማርያም ያሉ የአገሩ ልጆችም የካፋን መንግሥት ታሪክ ጽፈው አሳትመዋል።

የእኛስ ብዕር የት ነበረ?

እዚህ ላይ አንድ የሚከብድ ጥያቄ ለእኛ ለሙስሊሞች ይመጣል። በቦንጋ ገበያ ከነበሩት ሰዎች መካከል ፊደል የለመደው ቁርአን የቀራው ሙስሊም ነው። በሌላ አካባቢ ያሉ ወንድሞቹ በዚያው ፊደል በግጭት ዘመን ብዙ ሠርተዋል። በ1878 እ.ኤ.አ. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አጼ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ባስገደዱ ጊዜ ሸይኽ ጦልሐ ጃዕፈር ከትግሉ ጋር ብዕራቸውንም አነሡ። በአማርኛ፣ በዐረብኛ ፊደል የጻፏቸው መንዙማዎች የሕዝቡን ጭንቀትና ተስፋ ለእኛ አድርሰዋል። በሐረርጌም ሸይኽ በክሪ ሳጳሎ ለኦሮምኛ ቋንቋ የራሱን ፊደል በ1956 እ.ኤ.አ. ቀርጸው ሲያስተምሩ ተከለከሉ፤ በግዞት ተቀመጡ። በመጨረሻም በሶማሊያ በስደት እያሉ በ1980 እ.ኤ.አ. አረፉ። የሁለቱም ሸይኾች ሥራ ግን እስከ ዛሬ ይጠናል።

ስለ ካፋ ጥፋት እንዲህ ያለ ስመ ጥር የሙስሊም ብዕር አናገኝም። ለዚህ አንዱ ምክንያት ሊሆን የሚችለውን ሳንሸሽ እንናገረው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ሙስሊሙ ተጎጂ ብቻ አልነበረም።

ከቦንጋ ገበያ ይወጣ ከነበረው ሸቀጥ አንዱ የሰው ልጅ ነው። የካፋ መንግሥት ራሱ ምርኮኞችንና ጥፋተኛ ያላቸውን ይሸጥ ነበር፤ ገዝተው በጅማ በኩል አሻግረው ወደ ሰሜንና ወደ ባሕር ይነዱ ከነበሩት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ግን ሙስሊሞች ነበሩ። በ1897 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር የጅማው ሙስሊም ንጉሥ የአባ ጅፋር 2ኛ ጦር ተሰልፎ ነበር። አባ ጅፋር ለምኒልክ አስቀድመው በመገበራቸው አገራቸውን ከጥፋት አድነዋል። ጅማም እርሳቸው እስከሞቱበት እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ድረስ የራሷን አስተዳደር ይዛ ቆይታለች። ይህ ብልህነት ነው ሊባል ይችላል። የጎረቤት አገር ሲወድም አብሮ መዝመት ግን ስሙ ሌላ ነው።

አንዳንድ ሰው «ይህንን ማንሣት የራስን ገመና መግለጥ አይሆንም ወይ?» ይል ይሆናል። መልሱ በቁርአን ውስጥ አለ። አላህ በሱረቱ ኒሳእ ምእመናንን በፍትሕ እንዲቆሙ፣ ምስክርነቱ በራሳቸው፣ በወላጆቻቸውና በዘመዶቻቸው ላይ ቢሆንም እንኳ እንዲመሰክሩ አዝዟል። እስልምና ባሪያን ነፃ ማውጣትን ታላቅ ዒባዳ ያደረገ ሃይማኖት ነው። አቡበክር (ረ.ዐ) ቢላልን የገዙት ነፃ ሊያወጡት ነው። ነጋዴው የሠራው ሥራ ሃይማኖቱ የሠራው አይደለም። ሃይማኖቱን ከነጋዴው ሥራ የምንለየውም ሥራውን በመደበቅ ሳይሆን በግልጽ በመናገር ነው።

ይህ የድሮ ነገር ብቻ ሆኖ አልቀረም። ኢትዮጵያ በ1923 እ.ኤ.አ. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን እንድታጠፋ ተጠይቃ ነበር። ሕጉ በማያሻማ ሁኔታ የወጣው ግን በ1942 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ የተሸጡት ሰዎች የልጅ ልጆችና የሸጡት ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ገበያ፣ አንዳንዴም በአንድ መስጂድ ሶፍ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ይሰግዳሉ። ለመዋደዳቸው መሠረት የሚሆነው እውነቱን አብሮ ማወቅ ነው። ያልተነገረ በደል በሹክሹክታ ይኖራል፤ ሹክሹክታ ደግሞ በግጭት ቀን ጩኸት ይሆናል።

ከእያንዳንዳችን ምን ይጠበቃል?

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ይህ ሥራ ለምሁራን ብቻ የሚተው አይደለም። በአገራችን ጦርነት ዛሬም ምስክርን እያጠፋ ነው። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት የሰሓቦች መታሰቢያ የሆነው የነጃሺ መስጂድ እንኳ በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ተዘረፈ። ዛሬ ያለው ነገ ላይኖር ይችላልና በየቤታችን ልንሠራው የምንችለውን እንጀምር።

አንደኛ፣ በቤታችሁ አባባና እማማ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ አጠገባቸው ተቀመጡ። የመጡበትን አገር፣ ያዩትን ጦርነት፣ የተሰደዱበትን መንገድ፣ የቀበሩትን ሰው ስም ጠይቁ። ስልካችሁ ድምፅ ይቀርጻል። ከቀረጻችሁ በኋላ ግን በወረቀት ጻፉት። ያወሩትን ሰው ስምና ቀኑንም አስፍሩ።

ሁለተኛ፣ ብዙ ቤተሰብ የልደት፣ የኒካሕና የሞት ቀን በቁርአን ወይም በኪታብ ገጽ ላይ ጽፎ ያኖር ነበር። እነዚያን አሮጌ ኪታቦች ከእርጥበት፣ ከጭስና ከምስጥ ጠብቁ። ለመንገደኛ አትሽጧቸው። ልታነቧቸው ባትችሉ እንኳ ለሚያነብ ዓሊም አሳዩና ስለ ምን እንደሆኑ ጻፉባቸው።

ሦስተኛ፣ ስትጽፉ በፍትሕ ጻፉ። የእኛ ወገን የተበደለውን ብቻ ሳይሆን የበደለውንም አስፍሩ። ክርስቲያኑ ጎረቤት የደበቃችሁበት ቀን ካለ ጻፉት። የእኛ ሰው የሌላውን ንብረት የወሰደበት ቀን ካለም ጻፉት። ግማሹን የሚሸሽግ ምስክር በቃዲ ፊት ዋጋ እንደሌለው ሁሉ ግማሹን የሚሸሽግ ታሪክም ዋጋ የለውም።

አራተኛ፣ የቃል ምስክርነት በየቋንቋው ይጠበቅ። የካፋ ሙስሊም በካፍኛ፣ የጅማው በኦሮምኛ፣ የወሎው በአማርኛ ይጻፍ። አላህ የቋንቋችንን መለያየት ከተአምራቱ አንዱ አድርጎታልና።

ባግዳድ ቤተ መጻሕፍቷ ሲቃጠል ልጆቿ ዳግመኛ ጻፉ። የካፋ ሽማግሌዎች በጠፉ ጊዜ ግን ያዩትን የጻፈ ልጅ አልነበራቸውም። ዛሬ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ የቡና ሙዚየም ያላት፣ ልጆቿ በቋንቋቸው የሚማሩባት ከተማ ናት። ለትናንቱ ፊደል አጥተን ነበር እንበል። ለዛሬው ግን ብዕሩ በእጃችን ነውና ምክንያት የለንም። አማና የተቀበለ ሰው ስለ አማናው ይጠየቃል፤ የወላጆቻችን ትዝታም አማና ነው።

አላህ ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን። በጦርነትና በባርነት ላለቁት ሁሉ ፍትሑን ያሳየን። በኢራቅና በሌሎችም አገሮች የተበተኑትን ወገኖቻችንን ይሰብስብልን። እውነትን እውነት አድርጎ አሳይቶን የምንመሰክረው ያድርገን። አሚን።

ወአኺሩ ዳዕዋና አኒል ሐምዱሊላሂ ረቢል ዓለሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።